ወጌሻ፣ ፋርማሲ ወይስ ፊዚዮቴራፒ? ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ወገብና ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎችና ለኳስ ተጫዋቾች

ቅዳሜ ጠዋት ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ኳስ እንጫወታለን። እንጫወታለን ማለት እንኳን ማጋነን ነው፤ ደሴ ላይ ግማሹ ጨዋታ ኳሷን ከቁልቁለት ስር ማምጣት ነው። አንድ ቅዳሜ ለቴስታ ዘልዬ ስወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

አስር ሰው ከበበኝ፤ አስር ምክር መጣ። አንዱ "ወለምታ ነው፣ አብሽር፣ ወጌሻ አንዴ ካሸህ ያልቃል" አለ። አንዱ ዲክሎፌናክ መርፌ አዘዘልኝ። አንዱ ራጅ ተነሳ አለ። ፊዚዮቴራፒ ያለውን ልጅ ደግሞ "እሱ ስትሮክ ለመታው ነው" ብለው ሳቁበት።

እኔ ቅርብ የሆነውን መረጥኩ። ወጌሻው ያበጠውን እግር አሽቶ ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ። ሌሊት ስነቃ ጣቶቼ በርደው ደንዝዘዋል። ፋሻውን ፈትቼ አደርኩ። በሦስተኛው ሳምንት መራመድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ያው እግር፣ ያው ቦታ፣ ጠጠር መንገድ ላይ እንደገና ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ አማራጮቹን በየተራ አየኋቸው። አንዳንዱን በራሴ፣ አንዳንዱን የእናቴን ጉልበት ለማሳከም ስመላለስ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ገንዘቤን የት እንዳባከንኩና የት እንዳተረፍኩ አውቃለሁ።

ምርጫ ውስጥ የማይገቡ ጉዳዮች

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ አማራጭ ማወዳደር ቀርቶ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

ቁርጭምጭሚት ከታጠፈ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ። ወይም በግራና በቀኝ ጉብ ጉብ ያሉትን አጥንቶች የኋላ ጠርዝ፣ ከጫፋቸው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ድረስ፣ በጣት ሲጫኑት አጥንቱ ላይ ካመመ። የመሀል እግር አጥንትም እንደዚሁ። ይህ የኦታዋ ደንብ ይባላል። የካናዳ ሐኪሞች በ1992 (በፈረንጅ) ያወጡት ነው። ራጅ ማን እንደሚያስፈልገውና ማን እንደማያስፈልገው የሚለዩት በዚህ ነው። እኔ ያኔ አላወቅሁትም እንጂ ሜዳው ዳር ተቀምጬ ራሴ ልፈትሸው እችል ነበር።

ወገብ ላይ ደግሞ፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት የጀርባ ህመምም መታሸት የለበትም። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አገር ደግሞ ብርቅ አይደለም።

በምን እንመዝን?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ማን ጎበዝ ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ራሱ ያሳስታል። እኔ አሁን የምመዝነው በአምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከመንካቱ በፊት ይመረምራል? ስብራት፣ ውልቃት፣ ወለምታና የጡንቻ መሸማቀቅ ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁሉም እብጠት ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሥራውን የሚሠራው ማነው? እሱ፣ ማሽኑ ወይስ እናንተ? የተጎዳ ጅማትና ጡንቻ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ሸክም ሲለምድ ነው። ሌላ ሰው ስላሸው የጠነከረ ጡንቻ የለም።

ሦስተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የአንድ ቀን ዋጋ ብቻውን አይነግራችሁም። በቀኑ ብዛት አባዙት፣ የባጃጁንና የሚኒባሱን ጨምሩ፣ ከሥራ የቀራችሁበትን ግማሽ ቀንም ቁጠሩ። ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ዳገት በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ፣ ህክምናው ርካሽ ቢሆን እንኳ ውድ ነው። ለወገብ ህመምተኛ ደግሞ ጉዞው ራሱ ቅጣት ነው።

አራተኛ፣ ቢሳሳት ምን ያህል ያስከፍለኛል?

አምስተኛ፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ያስተምረኛል? እኔን የጎዳኝ ይህ ነው። ህመሙ ሲጠፋ የዳንኩ መሰለኝ።

ፋርማሲ

ፈጣን ነው፣ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ህመም ይቀንሳሉ። ለጥቂት ቀን እንቅልፍ እንዲወስዳችሁና እግራችሁን ማንቀሳቀስ እንድትጀምሩ ይጠቅማሉ። ከዚያ በላይ አይደሉም። ጨጓራ ያለበት፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሳያማክር መውሰድ የለበትም። መርፌ ከኪኒን የበለጠ "ሥር ይገባል" የሚለው ወሬ ብቻ ነው። ለቁርጭምጭሚትና ለጉልበት በቆዳ ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ለጨጓራ ይሻላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላም ያው ፋርማሲ በር ላይ ከሆናችሁ ግን መድኃኒቱ እያከማችሁ ሳይሆን እያስታመማችሁ ነው።

ወጌሻ

ወጌሻን አልንቅም። እሑድ ማታ በሩ ክፍት ነው፣ ቀጠሮ የለውም፣ ብዙዎቹ የሰጣችሁትን ይቀበላሉ። ሬዲዮ ላይ ኳስ ስንሰማ እንኳ የቡድኑን ባለሙያ "ወጌሻው ገባ" ነው የምንለው፤ ሙያው በቋንቋችን ውስጥ ክብር አለው። ልምድ ያለው ወጌሻ ድንበሩን ያውቃል። ጎረቤታችን የወደቀች ልጇን ይዛ ሄዳ ወጌሻው ሳይነካት "ይሄ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰጃት" ብሎ መልሷታል። እንዲህ ያለውን ሰው አመስግኑት።

ችግሩ በመዳሰስ ብቻ ስብራትን ሁልጊዜ መለየት አለመቻሉ ነው። ትልቁ አደጋ ደግሞ ማሸቱ ሳይሆን ጥብቅ አድርጎ ማሰሩ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ ይቀጥላል፣ ደም መዘዋወር ያቆማል፣ ሥጋው ይሞታል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ አሉ።

ወጌሻ ጋ ከሄዳችሁ ሦስት ነገር ያዙ። ሕፃን ልጅ ክርኑን ወድቆበት ከሆነ ራጅ ሳይነሳ አታሳሹት። አዲስ እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አይታሽም። ከታሰረ በኋላ የጣቱን ጥፍር ተጫኑትና ልቀቁት፤ ነጭ የሆነው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ መልኩ ካልተመለሰ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ ፍቱት።

የመንግሥት ሆስፒታል

ደሴ ላይ ትልቁ የመንግሥት ተቋም ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ትልቁ ጥቅሙ ሐኪሙ፣ ራጁና ካርዱ አንድ ግቢ መሆናቸው ነው። የተሰበረ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። ወረፋ ዘልዬ ልግባ ብላችሁ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪስ ነው።

ድካሙን ታውቁታላችሁ። በሌሊት ካርድ ማውጣት፣ የተራራቀ ቀጠሮ፣ የተጣደፈ ባለሙያ። ግን ይህ የተራራቀ ቀጠሮ ለብዙ ህመም ጉዳት አይደለም። መጀመሪያው ቀን "ቤት የምሠራውን በወረቀት ጻፉልኝ" በሉ። ወረቀቱን ይዞ ቤቱ የሚሠራ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢታይም አይጎዳም።

ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር ድጋፍ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ለሚያስፈልገው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ለእሱ ደሴ ላይ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ።

የግል ፊዚዮቴራፒ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ የገባሁበት ክሊኒክ የአስር ቀን ቅድሚያ አስከፈለኝ። በየቀኑ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነበር። ቀይ መብራት እግሬ ላይ ይበራል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቶ ትንሽ የብረት ጭንቅላት ይሽከረከርበታል፣ ከዚያ የሚኮረኩር ኤሌክትሪክ። ባለሙያው ስልኩን ያያል፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ "ነገ" ይባላል። በአስሩ ቀን አንድም ጊዜ ቁም አልተባልኩም። በእግሬ ለመቆም ነበር የሄድኩት።

ማሽኖቹ ውሸት ናቸው እያልኩ አይደለም። ሙቀቱና ኤሌክትሪኩ ለጊዜው ያስታግሳሉ። አልትራሳውንድ የሚባለው ግን ለወለምታ ከባዶ ማሽን ብዙ እንደማይሻል ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ማሽን እንደ ወጥ ቅመም ነው፤ ብቻውን አይበላም።

ሁለተኛው ቦታ ኮምቦልቻ ነበር። ባለሙያዋ ማሽን ሳትነካ ሃያ ደቂቃ ጠየቀችኝ። ምን እንደምሠራ፣ ስንት ደረጃ እንደምወጣ፣ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ። ከዚያ "ጫማህን አውልቅና በአንድ እግርህ ቁም" አለችኝ። በግራው ሠላሳ ሰከንድ ቆምኩ፣ ሰልችቶኝ ነው የወረድኩት። በቀኙ በስምንተኛው ሰከንድ ግድግዳ ያዝኩ። ህመም የለም፤ እግሩ ግን የት እንዳለ ረስቷል። "ህመሙ ሄዷል፣ ጉዳቱ አልሄደም" አለችኝ። ለምን በጠጠር መንገድ እንደታጠፈብኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

የሰጠችኝ ሥራ አስቂኝ ነው። ጥርሴን ስፍቅ በአንድ እግር መቆም። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣት ጫፍ ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ማውረድና ማንሳት። የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ ከጠረጴዛ እግር ጋር አስሬ እግሬን ወደ ውጭ መግፋት። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ቀን ብቻ ነው የሄድኩት፤ በየቀኑ የሄድኩበትን ከፈልኩ። ድምሩ ከመጀመሪያው ክሊኒክ ያነሰ ነው።

ስለዚህ የግል ክሊኒክ ስትመርጡ የማሽኑን ብዛት አትቁጠሩ። ባለሙያው በፊዚዮቴራፒ የተመረቀና የሙያ ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በዲግሪ ያስመርቃሉ፣ ስለዚህ ጥያቄው ነውር የለበትም። "ስንት ጊዜ ያስፈልገኛል? መሻሌን በምን እናውቃለን?" በሉ። መልሱ "እያየን" ብቻ ከሆነ፣ ቅድሚያ አትክፈሉ።

ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ

በየጉብኝቱ ውዱ ይኸው ነው። ግን ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ላለ፣ ዳሌው ተሰብሮ ለተሠራ፣ ወይም የደሴን ቁልቁለት መውረድ ለማይችል አረጋዊ ከታክሲ ኮንትራትና ሁለት ደጋፊ ይዞ ከመሄድ ሊረክስ ይችላል። ሌላ ጥቅምም አለው፤ ባለሙያው የቤቱን ደረጃ፣ ዱካውንና ሽንት ቤቱን በዓይኑ ያያል።

ራስን በራስ

ዛሬ ለተጎዳ ሰው፦ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ በላስቲክ ፋሻ ለስለስ አድርጎ መጠቅለል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ማሳረፍ፣ ከዚያ ህመሙ በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ። በረዶ ለማስታገስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። (ደሴ ላይ በሐምሌ የቧንቧ ውሃ ያው በረዶ ነው።) በረዶና እረፍት የሚለውን ምክር በ1978 ያስፋፉት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው በ2014 ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ በረዶ ማብዛት መዳንን ሊያዘገይ ይችላል ብለው።

ከላይ የጠቀስኳቸው አደገኛ ምልክቶች የሌሉበት ተራ የወገብ ህመምም በአብዛኛው በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል። አልጋ ላይ መዋል ግን ያስረዝመዋል። "ብርድ ነው" ተብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ሳምንት የከረመ ሰው ሲነሳ ወገቡ ብቻ ሳይሆን እግሩም ከድቶት ነው።

ለኳስ ቡድን ደግሞ ከዚህ የረከሰ ነገር የለም። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ አለ። ሩጫ፣ ሚዛን፣ ዝላይና የጭን ጡንቻ ሥራ ነው፤ ኳስና ሜዳ ብቻ ይበቃዋል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በሲሶ ያህል ቀንሷል። ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዞላችሁ ተንበርክኮ ወደ ፊት ቀስ ብሎ መውደቅ ደግሞ የኋላ ጭን ጡንቻ መበጠስን ወደ ግማሽ ያወርዳል። የእኛ ቡድን ማሟሟቂያ ሁለት ዙር ሮጦ ስለ ሴት ማውራት ነበር።

ማሳጅ ቤትና ጂም አሰልጣኝ? ለደከመ ጡንቻ ደስ ይላሉ። ለጉዳት አይደሉም።

| አማራጭ | መርምሮ መለየት | የምትሠሩት ልምምድ | ጠቅላላ ወጪ | ሲሳሳት | ተመልሶ እንዳይመጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፋርማሲ | የለም | የለም | ዝቅተኛ፣ ሲደጋገም ይጨምራል | ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ግፊት | አይረዳም |
| ወጌሻ | በዳሰሳ ብቻ | ከስንት አንድ | ዝቅተኛ | ከባድ ሊሆን ይችላል | አይረዳም |
| የመንግሥት ሆስፒታል | ሙሉ፣ ራጅ ጭምር | አለ፣ በወረቀት ጠይቁ | ዝቅተኛ፤ ጊዜ ይወስዳል | አነስተኛ | ይረዳል፣ ቤት ከሠራችሁ |
| የግል፣ ማሽን ብቻ | ደካማ | የለም | ከፍተኛ | ገንዘብና ጊዜ | አይረዳም |
| የግል፣ ልምምድ ላይ ያተኮረ | ጥሩ | ዋናው ሥራ | መካከለኛ | አነስተኛ | በደንብ ይረዳል |
| ቤት ድረስ | ጥሩ | አለ | ከፍተኛ | አነስተኛ | ይረዳል |
| ራስን በራስ | የለም | አለ | ከምንም የማይቆጠር | ምልክት ካመለጣችሁ | ለመከላከል አንደኛ |

ለማን የቱ?

ቁርጭምጭሚቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታጠፈ፣ አራት እርምጃ የሚራመድና አጥንቱ የማያመው ወጣት፦ ቤቱ ይጀምር። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተሻለው ወይም ሲደጋገም ልምምድ የሚያሠራ ባለሙያ ጋ ሄዶ ሁለት ሦስት ቀን ይታይ።

ጉልበቱ ተጠምዝዞ ድምፅ የሰማና ወዲያው ያበጠበት ተጫዋች፦ አጥንት ሐኪም ይየው። የውስጥ ጅማት ተበጥሶ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ቢሠራ እንኳ ማገገሚያው የሚያልፈው እዚሁ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ 9 ወር ሳይሞላው ወደ ግጥሚያ መመለስ እንደገና ለመጎዳት መቸኮል ነው። ሲወጣ የማገገሚያውን መርሐ ግብር በጽሑፍ ይቀበል፤ እዚህ ያለው ባለሙያ ያንን ይዞ ይቀጥላል።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ አጎንብሳ የምትውል፣ አንገቷና ትከሻዋ የታሰረባት ልጅ፦ አስር ቀን ፈቃድ አታገኝም። አንድ ቀን ጥሩ ምርመራ፣ በእረፍት ሰዓት የሚሠሩ ሦስት እንቅስቃሴዎች፣ ከወር በኋላ አንድ ክትትል። የወንበሯ ከፍታ ካልተስተካከለ ግን ህመሙ ሰኞ ይመለሳል።

ከሚሌ እስከ ኮምቦልቻ መሪ ይዞ የሚውል ሹፌር፦ ወገቡን በኪኒን እያባበለ ከሚነዳ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ አስር ደቂቃ ይራመድ። ህመሙ ወደ እግሩ ከወረደ ይመርመር።

እናቴን የመሰሉ ጉልበት የሚያማቸው፦ "እርጅና ነው" ተብላ ስድስት ዓመት ኪኒን ወስዳለች። መንግሥት ሆስፒታል ባለሙያው "ምን ማድረግ ናፈቀዎት?" አላት። "ሱጁድ መውረድ" አለች። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አስር አስር አዘዛት። አሁን በከዘራ ተደግፋ ትወርዳለች፤ ለመነሳት ገና እንይዛታለን። ወጪው የሪፈር ወረቀትና አንድ የእንጨት ወንበር ነበር።

ስትሄዱ የድሮውን ራጅና የምትወስዱትን መድኃኒት ያዙ። በሴት ባለሙያ መታየት የምትፈልጉ እናቶችና እህቶች ቀድማችሁ ደውሉ፣ ቀኑን ያመቻቹላችኋል። ሰፊ ሱሪም ልበሱ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ጠባብ ጂንስ ለብሼ ሄጄ ግማሹን ሰዓት ሱሪዬን ለመጠቅለል ስታገል ነው ያለፈው።